«ምንም የለብሽም» ከተባልኩ በኋላ

በተጋባን በአራተኛው ዓመት አንድ ሐኪም ወረቀቶቼን ገለጥ ገለጥ አደረገና «እህቴ፣ ምንም የለብሽም» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይላል። እኔ ግን ከግቢው ወጥቼ ባጃጅ መጠበቂያው ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። በሽታ ቢኖርብኝ መድኃኒት እውጣለሁ። ምንም ከሌለብኝ ምን ልዋጥ?

ካርዴ ላይ የሰፈረው «ምክንያቱ ያልታወቀ መካንነት» የሚል ነው። መካን የምትለዋ ቃል ለስድብ እንጂ ለሐኪም ካርድ የተፈጠረች አትመስለኝም ነበር። እኛ አገር ሙሽራዋ ገና ከጫጉላ ሳትወጣ ስለ ልጅ ይመረቅላታል። በዓመቱ «ነገር አለ እንዴ?» ይባላል። በሁለተኛው ዓመት ጥያቄው ይቆምና መተያየት ይጀመራል። መተያየቱ ከጥያቄው ይብሳል።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሒሳብ አስተምራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ የመድኃኒት መጠን ቀድታችሁ እንዳትውጡ። የምጽፈው ሌላ ሴት ቅደም ተከተሉን ባለማወቋ እንደኔ ሦስት ዓመት እንዳትንከራተት ነው።

መጀመሪያ የስሙን ትርጉም። «ያልታወቀ» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። የታዩት ነገሮች ዝርዝር አልቋል ማለት ነው። ዝርዝሩ ደግሞ አጭር ነው። እንቁላል በየዙሩ ይወጣል ወይ? የማህፀን ቱቦ ክፍት ነው ወይ? የባል የዘር ፈሳሽ ደህና ነው ወይ? ከ35 ዓመት በታች ያለች ሴት አንድ ዓመት ሞክራ ካላረገዘች፣ ሦስቱም ታይተው ደህና ከሆኑ፣ ያን ጊዜ ይህ ስም ይሰጣል። 35 ያለፈች ሴት ግን ዓመት መጠበቅ የለባትም፣ በስድስት ወሯ ምርመራ ትጀምር። እኔ ስሙ ሲለጠፍብኝ ሦስተኛው ጥያቄ ጨርሶ አልተጠየቀም ነበር። ባሌን ማንም አላየውም።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ግን «ተመርመር» ስለው «እኔ ምን ሆንኩና?» አለ። ጤነኛ ነው፣ ኳስ ይጫወታል፣ ታሞ አያውቅም። ስለዚህ ጉዳዩ የኔ ነው። ስድስት ወር በዚህ ተኳረፍን። አንድ ቀን ፈተና ሳርም አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና «ሁለት ያልታወቁ ባሉበት ሒሳብ አንዱን ብቻ ስፈልግ ከረምኩ፣ እንዴት መልስ ይመጣል?» አልኩት። ሳቀ። በሳምንቱ ሄደ።

ይህ ምርመራ ከሁሉም ርካሽ ነው፣ ደግሞ አያምም። ከግንኙነት ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ መቆየት ይፈልጋል። ናሙናው እዚያው ላብራቶሪ ቢሰጥ ይመረጣል። የእኛዎቹ ያሳዩት ቦታ ግን በሩ የማይዘጋ ሽንት ቤት ነበር። ስለዚህ ከቤት እንዲያመጣ ፈቀዱለት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲደርስ፣ ብርድም እንዳያገኘው ብለው። የማርቆስን ጠዋት የሚያውቅ ሰው የዚህን ከባድነት ይረዳል። ብልቃጧን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ባጃጅ ያዘ። ባለ ባጃጁ መንገድ ላይ ጎመን የጫኑ እናት ሊያሳፍር ቆመ። ባለቤቴ «ወንድሜ፣ የሰው ነፍስ ይዣለሁ!» ብሎ ጮኸበት አሉ። ውጤቱ 38 ሚሊዮን በሚሊ ሊትር ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ መነሻ አድርጎ ያስቀመጠው 16 ሚሊዮን ነው። እንቅስቃሴውም ጥሩ ነበር። ማትሪክ እንዳለፈ ተማሪ ወረቀቱን እያውለበለበ ገባ። ተናድጄም ስቄም ነበር።

አሁን ወደኔ ልመለስ። የኔ ጉዳይ መጀመሪያ የተበላሸው በቀን ቆጠራ ነው። እንቁላል መውጣቱን ለማወቅ ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ይለካል። ሁሉም ሰው «የ21ኛው ቀን ምርመራ» ይለዋል። ስሙ ሰው ያሳስታል። 21ኛው ቀን የሚሠራው የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ለሚመጣ ሴት ነው። ዋናው ነገር የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ ሰባት ቀን አስቀድሞ መለካቱ ነው። የኔ ዙር 35 ቀን ነው። 35 ሲቀነስ 7፣ 28። መለካት የነበረብኝ በ28ኛው ቀን ነበር። በ21ኛው ቀን ተለካሁና ዝቅ ብሎ ተገኘ። «እንቁላል አይወጣልሽም» ተባልኩ። ሦስት ወር ክሎሚድ የሚባለውን እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርግ ክኒን ዋጥኩ፣ አንድም ቀን በአልትራሳውንድ ሳልታይ። ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ይህቺን መቀነስ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። በኋላ በትክክለኛው ቀን ስለካ ከ3 ናኖግራም በላይ ሆነ። ያ ማለት እንቁላል በዚያ ዙር ወጥቷል።

የቱቦ ራጁን ብዙ አላወራም። የወር አበባ ካለቀ በኋላ፣ እንቁላል ሳይወጣ በፊት ይሠራል። ያማል፣ ግን ቶሎ ያልፋል። ማስታገሻ አስቀድማችሁ መውሰድ ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። የኔ ሁለቱም ቱቦ ክፍት ነበር።

ስለዚህ «ምንም የለብሽም»።

እኔ ግን አንድ ነገር ነበረብኝ። ይበርደኝ ነበር። ማርቆስ ይበርዳል፣ የጮቄ ንፋስ ወደ ከተማው ሲወርድ ቀልድ የለውም። ግን እኔ ግንቦት ላይም ካልሲ ሁለት አድርጌ ነበር የምተኛው። ፀጉሬ በማበጠሪያ ይወጣል። ሆዴ ይደርቃል። ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ቆሜ እንቅልፍ ይጥለኛል። ብርዱን በአየሩ፣ ፀጉሩን በዘይቱ፣ ድካሙን በጾሙ አሳበብኩ። ለያንዳንዱ ምልክት ለየብቻው ሰበብ ካገኙለት አንድ ላይ ምን እንደሚሉ አይሰማም።

ያወቀችኝ ባሕር ዳር ያገኘኋት ሐኪም ናት። ወረቀቶቼን አላየችም መጀመሪያ። እጄን ያዘችና «ሁልጊዜ እንዲህ ይቀዘቅዛል?» አለች። ቀጥላ «ከቤተሰብሽ እንቅርት ያለበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እናቴ አለባት» አልኩ።

ሦስት ዓመት ስመላለስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ከራሴ አላነሳሁም። እናቴ ቢቸና ነው የምትኖረው። እኔ ከማስታወሴ ጀምሮ አንገቷ ላይ እንቅርት አለ፣ ሻሽ ታስርበታለች። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው እንቅርት አይቶ አይደነግጥም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን እንተርትበታለን እንጂ እንቅርቱ ራሱ ከየት እንደመጣ አንጠይቅም። እንቅርት ማለት ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ሲያብጥ ነው። ደጋው አገር አፈሩና ውሃው አዮዲን ስለሚያንሰው በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው። ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ የወጣውም በ2003 ዓ.ም. ነው። ግን ከአንገት እብጠት ጀርባ ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል፣ እሱ ደግሞ በዘር ይሄዳል።

«የታይሮይድ ምርመራማ ተሠርቶልኛል፣ ደህና ነው» አልኳት። እውነቴን ነው። ከዓመት በፊት 3.2 ወጥቶ ነበር። አየችውና «ያኔ ምን ምን ትወስጂ ነበር?» አለች። ምንም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ የፀጉር ክኒኑ ትዝ አለኝ። ከውጭ የመጣ፣ ዘመድ የላከልኝ፣ ባዮቲን የሚባል ቪታሚን በብዛት ያለበት። ፀጉሬን ያድናል ብዬ እየዋጥኩት ነበር። ለካ ባዮቲን አንዳንድ የላብራቶሪ ማሽኖች ላይ ውጤቱን ያዛባል። የታይሮይዱን ቁጥር ከእውነተኛው አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ደም ከመስጠት ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ መቆም አለበት፣ መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። የኔን ያዛባው እሱ ይሁን፣ ወይስ በሽታው በዓመት ውስጥ ጨምሮ ይሁን፣ ማረጋገጫ የለኝም። ግን ክኒኑን አቁሜ በሳምንቴ ስለካ ቲ.ኤስ.ኤች 8.7 ሆነ።

ቲ.ኤስ.ኤች ምንድነው? አንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ አለች። አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ «ሥራ!» እያለች የምትቀሰቅስበት መልእክት ነው። ለተማሪዎቼ ባስረዳ እንዲህ እላለሁ፦ ተማሪ ካልሰማ መምህር ይጮኻል። ቲ.ኤስ.ኤች የመምህሩ ጩኸት ነው። ታይሮይዱ ሲሰንፍ ጩኸቱ ይጨምራል። አብዛኛው ላብራቶሪ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ያለውን ደህና ይላል። እርግዝና ለሚሞክሩና በታይሮይድ መድኃኒት ላይ ላሉ ሴቶች ደግሞ ሐኪሞች ከ2.5 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ አንቲ-ቲፒኦ የሚባለው ታዘዘ። እዚህ የሚሠራበት ቦታ ስላላገኘን ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ተላከ፣ ውጤቱ አሥር ቀን ቆየ። ከ600 በላይ። ይህ ቁጥር የሚለካው ሰውነት በራሱ ታይሮይድ ላይ ያዘመተውን አንቲቦዲ ነው። ሐኪሟ እንዲህ አለችኝ፦ «ዘበኛሽ የቤቱን ሰው ሌባ መስሎት እየደበደበ ነው።» ሀሺሞቶ ይባላል። ሴቶችን ከወንዶች እጅግ አብልጦ ያጠቃል። እናት፣ አክስት፣ እህት ላይ ካለ ልጅ ላይ የመምጣቱ ዕድል ይጨምራል። ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ሳያውቀው ዓመታት ይቆያል።

እዚህ ላይ ያለፈ አንድ ወረቀቴ ትርጉም አገኘ። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ፕሮላክቲን ተለክቼ 41 ወጥቶ ነበር፣ መደበኛው እስከ 25 አካባቢ ሲሆን። ፕሮላክቲን የጡት ወተት ሆርሞን ነው። ሲበዛ እንቁላል እንዳይወጣ፣ ዙሩም እንዲዛባ ያደርጋል። ያኔ ወዲያው ካበርጎሊን የሚባል ፕሮላክቲን የሚያወርድ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ራሴን እያዞረኝ፣ እያቅለሸለሸኝ ሁለት ወር ወሰድኩት። ታይሮይዴን ያየ አልነበረም። የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ ታይሮይድ ሲሰንፍ አንጎል ፒቱታሪን የሚጎተጉትበት ሆርሞን ይጨምራል፣ ያው ጉትጎታ ፕሮላክቲንንም ይቀሰቅሰዋል። መምህሩ ሲጮህ ጎረቤት ክፍል ይረበሻል እንደማለት። ታይሮይዱ ሲታከም ፕሮላክቲኑ በራሱ ሊወርድ ይችላል። የኔ ያለ ሌላ መድኃኒት 18 ገባ።

የፕሮላክቲን ደም ስትሰጡ ደግሞ ተረጋግታችሁ ስጡ። ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ሮጠው ደርሰው፣ ተጨንቀው ሲሰጡት ከፍ ይላል። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ሜቶክሎፕራማይድና አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችም ከፍ ያደርጉታል። የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ፣ በራሳችሁ ግን አታቁሙ። እኔ ያኔ የሰጠሁት ከቢቸና በሌሊት ተነስቼ፣ በታጨቀ ሚኒባስ መጥቼ፣ ሳላርፍ ነበር። ትንሽ ከፍ ካለ ተረጋግቶ መድገም ይሻላል። በጣም ከፍ ካለ ግን ሐኪሙ የራስ ምስል ሊያዝ ይችላል፣ ያንን አትዝለሉ።

መድኃኒቴ ሌቮታይሮክሲን ነው። ታይሮይድ መሥራት ያቃተውን ሆርሞን ነው የምንውጠው። ርካሽ ነው። ጣጣው አወሳሰዱ ላይ ነው። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከምግብም ከቡናም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ቀድሞ። ቡና መድኃኒቱ እንዳይገባ ያደርጋል። የብረትና የካልሲየም ክኒን ደግሞ አራት ሰዓት ይራቅ ይባላል። እርግዝና ለሚሞክሩ ሴቶች የደም ማነስ ክኒን ቶሎ ስለሚታዘዝ፣ ሁለቱን በአንድ ጉርሻ የሚውጡ ብዙ አሉ። እኔም አንዷ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ቁጥሬ የወረደው 8.7 ወደ 6.9 ብቻ ነው። ሐኪሟ መጠኑን ከመጨመሯ በፊት «በምንድነው የምትውጪው?» አለች። በቡና ነበር የምውጠው። ሳልደብቅ ነገርኳት።

ቀጥሎ ጾሙ መጣ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። ጠዋት ውሃ መጠጣት ከበደኝ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ መድኃኒት ጾም አይገድፍም» አሉኝ። ቢሆንም ልቤ አላረፈም። ለሐኪሟ ስነግራት ሌላ መንገድ አሳየችኝ፦ ማታ ከመኝታ በፊት፣ እራት ከተበላ ሦስት ሰዓት በኋላ መውሰድም ይቻላል። ዋናው በየቀኑ ያው ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በመኝታዬ ሰዓት ሆነ። ጸበሌንም ጠዋት በሰላም እጠጣለሁ። ጾመኛ እህቶች፣ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት፣ ለኔ ብዙ ነገር ነው ያቀለለልኝ።

በየስድስትና በየስምንት ሳምንቱ መለካት አለ። ቶሎ ቶሎ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው፣ ቁጥሩ እስኪረጋጋ ጊዜ ይፈልጋል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ መድኃኒቱ ከከተማው ጠፍቶ አምስት ቀን ሳልወስድ ቀረሁ። በጣም ፈራሁ። ሐኪሟ ስልክ ሲሠራ ስታገኘኝ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ግማሹ እስኪያልቅ ሳምንት ያህል እንደሚቆይ ነገረችኝ። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲህ የሁለት ወር መጠባበቂያ ከቤት አላጣም።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ስህተት ግን የኔ የራሴ ነው። አንድ ነገር ተገኘ ስባል ሁሉን ላግኝ አልኩ። ኢንተርኔት ሲኖር ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ። የደመወዜን ግማሽ ያህል አውጥቼ በራሴ ፈቃድ የምርመራ ክምር አሠራሁ። ኤ.ኤን.ኤ የሚባለው፣ ሰውነት በራሱ ሴሎች ላይ የሚያዘምተው አንቲቦዲ፣ «ፖዘቲቭ» ብሎ መጣ፣ መጠኑ ዝቅተኛ። ሉፐስ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ከባድ በሽታ፣ አለብኝ ብዬ ሁለት ሳምንት አልተኛሁም። ለካ ዝቅተኛ ኤ.ኤን.ኤ ጤነኛ ሰው ላይም በብዛት ይገኛል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የቆዳ ሽፍታ፣ ሌላ ምልክት ከሌለ ብቻውን የሚናገረው ነገር የለም። የቀረውን እንቁላል ብዛት የሚጠቁመው ኤ.ኤም.ኤች የሚባል ሆርሞን ደግሞ ለዕድሜዬ ከሚጠበቀው ትንሽ ዝቅ አለና «እንቁላሌ አለቀ» ብዬ አለቀስኩ። ኤ.ኤም.ኤች የሚጠቅመው በላብራቶሪ ጽንስ ለማስጀመር መድኃኒት ሲሰጥ ስንት እንቁላል ሊገኝ እንደሚችል ለመገመት ነው። ዙሯ ደህና የሆነች ሴት በራሷ ታረግዝ አታረግዝ እንደሆነ አይነግርም። «የማህፀን ገዳይ ሴሎች» የሚባል ምርመራም አየሁ፣ ስሙ ራሱ ያስደነግጣል። ሐኪሟ እሱን አታሠሪ አለችኝ። ውጤቱ የሚለውጠው ሕክምና ስለሌለ።

አሁን አንድ ጥያቄ ይዣለሁ፣ ምርመራ በታዘዘ ቁጥር እጠይቃታለሁ፦ «ይህ ፖዘቲቭ ቢሆን የምናደርገው ነገር ይቀየራል?» አይቀየርም ከተባለ ገንዘቤን ይዤ እወጣለሁ።

ስለዚያው ስለ ታይሮይድ አንቲቦዲ ራሱ ልጨምር። አንቲቦዲው ኖሮባቸው ቲ.ኤስ.ኤች ግን ደህና የሆነ ሴቶች መድኃኒቱን እንውሰድ ወይ ይላሉ። እንግሊዝ አገር ተሠርቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ከ900 በላይ ሴቶች ያሉበት ጥናት አለ። መድኃኒቱን የወሰዱትና ባዶ ክኒን የወሰዱት በሕይወት የተወለደ ልጅ በማግኘት አልተለያዩም። ስለዚህ አንቲቦዲ ብቻ ተገኘ ብሎ መዋጥ አይደለም ነገሩ። እነዚህ ሴቶች ቲ.ኤስ.ኤች እንዳይጨምር በየጊዜው ይታያሉ። አዮዲን በጠብታና በክኒን በራስ ላይ መጫንም አይሆንም። ለእናቴ ዓይነት እንቅርት አዮዲን ያለው ጨው መልካም ነው። ሀሺሞቶ ላይ ግን የበዛ አዮዲን ሊያባብስ ይችላል። እኔ ሁለቱን አምታትቼ ጨው ስጨምር ከረምኩ፣ ያተረፍኩት ወጡ አልበላ ማለቱን ነው።

የስንዴ አለርጂ ይመስላል እንጂ አለርጂ ያልሆነው ሲሊያክም በነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ ይጠቀሳል። ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን ሲበላ ሰውነት የራሱን አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ ነው። የሆድ ችግርና የማይስተካከል የደም ማነስ ላለባት ሴት መጠየቅ ይቻላል። ጤፍ ውስጥ ያ ፕሮቲን የለም፣ ግን ገበያ ላይ የሚሸጠው እንጀራ ሁሉ ንጹሕ ጤፍ ነው ብሎ የሚምል ካለ እሱን አላውቀውም።

ከአንቲቦዲዎቹ ውስጥ በቁም ነገር ሊታይ የሚገባውን ያወቅኩት በባለቤቴ እህት ነው። እሷ ታረግዛለች፣ ግን ይወርድባታል። ሦስት ጊዜ። ሰው ሁሉ «ሾተላይ ነው» አላት፣ ስም አወጣላት፣ አለቀ። ለሷ ፀረ-ፎስፎሊፒድ የሚባሉት ሦስት ምርመራዎች ታዘዙ። ደም መርጋት በማይገባው ቦታ እንዲረጋ የሚያደርጉ አንቲቦዲዎች ናቸው። አንዴ ፖዘቲቭ መሆን አይበቃም። ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ ነው የሚረጋገጠው፣ ጊዜያዊ ኢንፌክሽንም ሊያመጣው ስለሚችል። የሷ ሁለቴም መጣ። ደሙ እንዳይረጋ በእርግዝና ጊዜ በአነስተኛ መጠን አስፒሪንና የሄፓሪን መርፌ ይሰጣል። ተደጋጋሚ ውርጃ ለገጠማት ሴት፣ ወይም ከ10 ሳምንት በኋላ ጽንሱ ለጠፋባት፣ ይህ ምርመራ መጠየቅ ያለበት ነው። እንደኔ ጨርሶ ላላረገዘች ግን እንደ ልማድ የሚታዘዝ አይደለም።

አማቴን ሳላነሳ አላልፍም። ቤታቸው ሰከላ አካባቢ ነው። ግሽ ዓባይ ጸበል ሦስት ጊዜ ወስደውኛል። ቂም የያዝኩባቸው ግን በሌላ ነው። አንዲት ማህፀን አሺ ሴት ጋ ወስደውኝ ሆዴን ታሽቼ ሁለት ቀን ተኝቻለሁ። ሥር ተቀቅሎም ጠጥቻለሁ፣ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ሁለተኛ ዙር ሲያመጡ «እማማ፣ ይህን አልጠጣም፣ ጸበሉን ግን ይውሰዱኝ» አልኳቸው። ተቆጡ። ከዚያ የልጃቸውን ውጤት፣ የኔን ውጤት፣ የመድኃኒቴን ሰዓት ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። እስከዚያ ማንም አስረድቷቸው አያውቅም ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ታዲያ ልጄ፣ አንገት የታመመ ማህፀን ምን አገባው?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ሐኪሟን ያንኑ ነው የጠየቅኩት። ታይሮይድ የሰውነት ሁሉ የእሳት መጠን ነው። ሲቀንስ ድስቱም ምጣዱም ይዘገያል፣ እንቁላል የሚያበስለውም ጭምር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እየደወሉ «ዋጥሽው?» ይሉኝ ጀመር። መቼም ስልክ ሲኖር ነው።

ቁጥሬ 2.1 የገባው መድኃኒት በጀመርኩ በሰባተኛው ወር ነው። ዙሬ ከ35 ወደ 30 ቀን ወረደ። ብርዱ ለቀቀኝ፣ ካልሲ አንድ ብቻ። ያኔም ወዲያው አላረገዝኩም። ሐኪሟ «ስድስት ወር እንይ፣ ካልሆነ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እልክሻለሁ» አለች። በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ በላብራቶሪ ጽንስ የማስጀመር አገልግሎት መጀመሪያ የተከፈተው እዚያ ነው። መጓጓዣውንና ማደሪያውን አስልተን ገንዘብ ማጠራቀም ጀመርን። በአምስተኛው ወር የወር አበባዬ ቀረ።

መድኃኒቱ ነው? ጸበሉ ነው? ወይስ ያለ ሁለቱም በዚያ ወር ይሆን ነበር? ሐኪሟን ስጠይቃት «በአንቺ ላይ ብቻ አይቼ መልስ አልሰጥም» አለች። አማቴ ግን መልስ አላቸው፣ ስለት አስገብተዋል።

ያረገዛችሁና በዚህ መድኃኒት ላይ ያላችሁ ግን ይህን ስሙኝ። መጀመሪያ ላይ ጽንሱ የራሱ ታይሮይድ ስለማይሠራለት ከእናቱ ነው የሚወስደው። ስለዚህ መጠኑ መጨመር አለበት፣ ያውም ወዲያው። እኔ አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር፣ ምርመራው ሁለት መስመር ያሳየ ቀን በሳምንት ሁለት ክኒን ጨመርኩ፣ ከዚያም ደወልኩላት። እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየአራት ሳምንቱ ተለካሁ። ከወለድኩ በኋላ መጠኑ ወደ ድሮው ተመለሰ፣ በስድስተኛው ሳምንት ዳግም ታየ። ይህን ከሐኪማችሁ ጋር ሳታረግዙ በፊት ተነጋገሩ፣ ወረፋ እስክታገኙ ሳምንታት ያልፋሉ።

ልጄ አሁን ስምንት ወሯ ነው። ባለፈው ወር እናቴን ከቢቸና አምጥቼ አስመረመርኳት። እሺ ያለችኝ ልጄን ለማየት ሰበብ ስለሆናት ነው። ሻሿን ፈትታ አንገቷን ስታሳይ እንደ ልጅ አፈረች። አልትራሳውንድ ታየች፣ ደም ሰጠች። ቲ.ኤስ.ኤቿ ደህና፣ አንቲቦዲም የለም፣ የድሮው የአዮዲን እንቅርት ነው ተባለ። እኔ የጠበቅኩት ከሷ የወረስኩት ነበር፣ እሷ ላይ ግን የለም። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የአክስቶቼን ተራ እየጠበቅኩ ነው።

ነርሷ «እማማ፣ ምንም የለብዎትም» ስትላት እናቴ ልጄን ከኔ ነጥቃ አቀፈችና፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ እልል አለች።